ዲስትሪክት 20፦ ሺላ ሂክሰን ልትለቅ ነው፣ እኔ መምረጥ እችላለሁ? (በፈረንጁ 2018)

ማሂ የፌንተኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ ዲስትሪክት 20። ሰሞኑን የፖስታ ሳጥናችን በፍላየር ተጨናንቋል። መጀመሪያ የፒዛ ማስታወቂያ እየመሰለኝ ስጥለው ነበር። በኋላ አንዱን ቁጭ ብዬ ሳነበው ለካ ምርጫ ነው። ሺላ ሂክሰን የምትባል የስቴት ዴሊጌት፣ የሜሪላንድ ምክር ቤት አባል ማለት ነው፣ ከእንግዲህ አልወዳደርም ብላለች አሉ። እና ቦታዋን የሚፈልገው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ በር ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ናት፣ አንገቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላ ስልኳን ይዛለች። የባሌን ስም እንደምንም አጣማ ጠራችው። ሥራ ነው አልኳት። ምንም አይደል ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ብላ ልትሄድ ስትል፣ እኔስ? አልኳት። እኔም እኮ ሲቲዝን ነኝ፣ አምና ኖቬምበር ላይ ነው የማልኩት። ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች አለችና "ይቅርታ፣ ያንቺ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም" አለችኝ። ፍላየሯን ሰጥታኝ ሄደች። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ሽሮው ከኋላዬ እየተንተከተከ።

ነገሩ ከነከነኝ። ባልቲሞር መሐላ የፈጸምን ቀን እዛው የመራጭነት ቅጽ ሞልቻለሁ። ፓርቲ የሚለው ቦታ ላይ ግን "ያለ ፓርቲ" የሚለውን ነው ምልክት ያደረግኩበት። ለምን ብትሉኝ፣ ፓርቲ የሚባል ነገር ላይ ስሜ እንዲጻፍ አልፈልግም። ዩኒቨርሲቲ እያለን የአባልነት ፎርም ይዘው በየዶርማችን ሲዞሩ፣ ከዛም አንድ ለአምስት ምናምን እያሉ ሲያደራጁን አይቻለሁ። ያንን ሸሽቼ መጥቼ እዚህ ደግሞ በገዛ እጄ ልፈርም?

ባሌ "ዋናው ምርጫ ኖቬምበር ነው፣ ያኔ ሁሉም ይመርጣል፣ አሁን አትጨነቂ" ይላል። እውነቱን ነው? ስሜስ ለምን ጠፋ? ይሄ ወንበርስ ምን ቢኖረው ነው ሰው እንዲህ የሚረባረብበት?

ጋሽ ፓርኪንግ፦

ማሂ፣ ባልሽን አክብሬ ነው፣ ግን ተሳስቷል። እኛ ሰፈር ኖቬምበርን መጠበቅ ቀብሩ ካለፈ በኋላ እንደመድረስ ነው። እዚህ ሪፐብሊካን ያሸንፋል ብሎ የሚጠብቅ የለም፣ ራሳቸው ሪፐብሊካኖቹም አይጠብቁም። ስለዚህ ዴሞክራቶቹ እርስ በርስ ተፎካክረው ያለፈው፣ እሱ ነው አናፖሊስ፣ የስቴቱ ምክር ቤት፣ የሚገባው። ያ ማጣሪያ ፕራይመሪ ይባላል፣ ዘንድሮ ጁን 26 ነው።

አሁን ወደ ስምሽ። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው። ዴሞክራት ብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው የዴሞክራቶቹ ወረቀት የሚሰጠው። ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶችሽ ሌላ ነገር ቢነግሩሽ አትስሚያቸው፣ እዛ ሰው በፓርቲ አይመዘገብም፣ የፈለገው ገብቶ ይመርጣል። አንቺ አሁን ባለሽበት ሁኔታ ጁን ላይ ብትሄጂ የሚሰጥሽ የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ ያሉበት ወረቀት ነው። ያቺ ልጅ ስልኳ ላይ ያለው የዴሞክራቶች ስም ነው። ተወዳዳሪ ጊዜውም ብሩም ትንሽ ነው፣ ጁን ላይ ሊመርጠው የማይችል ሰው በር ላይ አይቆምም። ንቃሽ አይደለም።

ወንበሩ ምን አለው ላልሽው፣ ሂክሰን እዛ የተቀመጠችው በ1976 ነው። በፈረንጁ ነው የምልሽ። ደርግ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበር! እኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። አርባ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ከ1993 እስከ አምና ድረስ ደግሞ ዌይስ ኤንድ ሚንስ የሚባለውን፣ የታክሱ ጉዳይ ሁሉ የሚያልፍበትን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መርታለች። እንዲህ ያለ ሰው ወንበሩ ላይ እያለ ማን ይነካዋል? ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ ገንዘብ የሚያዋጣለት አለ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ ከእሱ ጋር ናቸው። አንዳንዴ ብቻ ነው የሚወድቀው። እዚሁ ዲስትሪክት በ2006 ጄሚ ራስኪን ለረጅም ዓመታት የቆየችውን ሴናተር አይዳ ሩበንን ፕራይመሪ ላይ ጥሏታል። እኔ ያኔ እንዳንቺ ያለ ፓርቲ ነበርኩና ቆሜ አየሁ። በማግስቱ ነው የተመዘገብኩት። ከዛ በፊት አስር ዓመት ሙሉ ኖቬምበር ኖቬምበር እየሄድኩ ያለቀ ነገር ላይ ቀለም ስቀባ ኖሬያለሁ።

ፓርቲ የሚለውን ቃል ስትሰሚ የሚሰማሽ ይገባኛል፣ እኔም አለብኝ። ግን እዚህ ዴሞክራት ብሎ መመዝገብ ሌላ ነገር ነው። መዋጮ የለውም፣ ስብሰባ የለውም፣ ግለ ሂስ የለውም። ኖቬምበር ላይም የፈለግሽውን ትመርጫለሽ። የሚመጣብሽ መከራ ቢኖር ተጨማሪ ፍላየር ነው።

ለመቀየር እስከ ጁን 5 ጊዜ አለሽ። ከዛ በኋላ አይሆንም። ይሄን ልብ በይ፦ ጨርሶ ያልተመዘገበ ሰው በቅድመ ምርጫው ቀናት፣ ማለትም ከምርጫው ቀን በፊት ቀድሞ መምረጥ በሚቻልባቸው ቀናት፣ እዛው ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል፣ አንዴ የተመዘገበ ሰው ግን ፓርቲውን እዛ መቀየር አይችልም። በሌላ ቢሮ በኩል አትዙሪ፣ ቀጥታ የስቴቱ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ግቢ። መንጃ ፈቃድሽን አጠገብሽ አድርጊ፣ ቁጥሩን ይጠይቅሻል።

ሀበሻ በኡበር፦

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና የምን ዴሊጌት ነው? ትራምፕ በየሳምንቱ ስለ ስደተኛ አንድ ነገር በሚያወጣበት፣ አገር ቤት ደግሞ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ተሹሞ ሰው እንቅልፍ ባጣበት ሰዓት፣ በዓመት ዘጠና ቀን የሚሰበሰብ ምክር ቤት ለኔ ምን ያደርግልኛል? ፍላየሮቹንም አይቻቸዋለሁ። ሁሉም ከሕፃናት ጋር ፈገግ ብሎ ይነሳል። ሁሉም ለትምህርት ነው፣ ሁሉም ለአካባቢ ጥበቃ ነው። የሚለያዩት በጸጉር አበጣጠር ብቻ ነው።

የናቲ እናት፦

ሳቄን ለቀቅኩት። የፍላየሩ እንኳ እውነትህን ነው።

ግን ወንድሜ፣ አንተ ሜሪላንድ ውስጥ ኡበር የምትነዳበት ሕግ የት ወጣ መሰለህ? እዛው አናፖሊስ ነው፣ በ2015። የሕመም ፈቃዱንም ተመልከት። ካለፈው ፌብሩዋሪ ጀምሮ 15ና ከዛ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ 30 ሰዓት ለሠራህበት 1 ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ሊይዝልህ ግዴታው ነው። ገዥው ሆጋን ቬቶ አድርጎት ነበር፣ ጃንዋሪ ላይ ምክር ቤቱ ቬቶውን ሻረው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቀደም ብሎ የራሱን አውጥቶ ነበር፣ አሁን ግን በስቴቱ ሙሉ ሆነ። እኔ ናቲ ሕፃን እያለ ትኩሳት ይዞት አንድ ቀን ብቀር ያኔ የምሠራበት ቤት የሁለት ቀን ሺፍት ቀንሶብኛል። ስለዚህ ዘጠና ቀኗን አትናቃት።

ማሂዬ፣ ጋሼ ያልነገሩሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። በየምርጫው ስቀሰቅስ አይቼዋለሁ፣ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የኛ ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት ነው ያለው። ሂክሰን ከሦስቱ አንዷ ናት። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ዴቪድ ሙንና ጄኔል ዊልኪንስ፣ እንደገና ይወዳደራሉ። ወረቀቱ ላይ ግን "የሂክሰን ወንበር" የሚባል ነገር አታገኚም። የነበሩትም አዲሶቹም አንድ ላይ ተደባልቀው ይሰለፋሉ፣ "እስከ ሦስት ምረጥ" ይላል፣ ከላይ ያሉት ሦስቱ ያልፋሉ። እና እዚህ ጋ ጨዋታ አለ። ካሉት ውስጥ ከልብሽ የምትፈልጊው አንድ አዲስ ሰው ብቻ ቢሆን፣ የቀሩትን ሁለት ድምፆች ለሌላ ሰው መስጠት የራስሽን ሰው ተፎካካሪ ማገዝ ነው። ስለዚህ አንዷን ክብ ብቻ አጥቁሮ የሚወጣ ሰው አለ። ሕጋዊ ነው፣ ይቆጠራል። እኔ ግን አልወደውም፣ ሦስት እንጀራ ተሰጥቶኝ ሁለቱን የምመልስ ይመስለኛል። አራት ካጠቆርሽ ደግሞ የዴሊጌቱ ድምፅሽ በሙሉ ይወድቃል፣ እንዳትሳሳቺ።

ዊልኪንስ እንዴት እንደገባች ታውቂያለሽ? ራስኪን ለኮንግረስ ሲመረጥ የሴናተር ወንበሩ ለዊል ስሚዝ ሄደ፣ ተዋናዩ አይደለም፣ የኛው ዴሊጌት የነበረው ነው። የእሱ ወንበር ደግሞ አምና ጃንዋሪ ለዊልኪንስ። ሁለቱንም ያኔ ሕዝብ አልመረጣቸውም። አንድ ሰው በመሃል ሲለቅ የካውንቲው የፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስም ይልካል፣ ገዥው ይሾማል። አዎ፣ ማዕከላዊ ኮሚቴ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ ሰውነቴ ሽምቅቅ ብሏል። ግን እነዚህ የኮሚቴ ሰዎች ራሳቸው በዚሁ ጁን 26 ወረቀት መጨረሻ ላይ የሚመረጡ ናቸው። ሰው እጁ ዝሎ እዛ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ሂክሰን ግን ዘመኗን ጨርሳ ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ የዛሬው ወንበር የኮሚቴው አይደለም፣ የኛ ነው።

ሌላው፣ የምርጫው ቀን በር ላይ የፖም ሥዕል ያለበት ወረቀት የሚያድሉ መምህራን ታገኛለሽ። የካውንቲው መምህራን ማኅበር የደገፋቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ስንቱ እሱን ግራ እጁ ላይ ይዞ እያየ በቀኙ ያጠቁራል መሰለሽ። ተቀበያቸው፣ ጨዋ ናቸው፣ ግን ከቤት ወስነሽ ሂጂ።

ማን የሚለውን አልነግርሽም። ከአዲሶቹ አንዷ ሎሪግ ቻርኩዲያን ናት፣ ሥራዋ ማስታረቅ ነው፣ የሽምግልና ድርጅት ነው የምትመራው። ስሟ የአርመን ነው፣ አርመን ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ አርባ ልጆች ነው ሃሃ። ሌሎችም ጥሩ ጥሩ ሰዎች አሉ። በር ላይ ሲመጡ "ለትምህርት ምን ታደርጋለህ" ብለሽ አትጠይቂ፣ ያንን ሸምድደውታል። የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ቦኒፋንት መንገድ ሲደርስ ለትንንሾቹ ሱቆች ምን ልታደርጉ ነው በያቸው። ሱቆቹን በስም የሚያውቅና የማያውቅ ወዲያው ይለያል።

የታኮማ ልጅ፦

እኔ እዚህ ስለተወለድኩ አማርኛዬን አትሳቁበት። አንድ ነገር ብቻ። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ሲቲዝን ያልሆነ ሰውም ለከተማው ምክር ቤት መምረጥ ይችላል፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ከ2013 ወዲህ 16 ዓመት የሞላውም ይመርጣል፣ እኔም 16 ዓመቴ ላይ መርጫለሁ። ግን ይሄ ለከተማው ብቻ ነው!! ግሪን ካርድ ያላት አክስቴ ለከተማው መርጣ ስለነበር ለስቴቱም ልትመዘገብ ስትል ነው የደረስንባት። ሲቲዝን ሳይሆኑ ለስቴት ወይም ለፌዴራል መመዝገብ የዜግነት ማመልከቻን ሊያበላሽ ይችላል። እባካችሁ ለሽማግሌዎቹ ንገሯቸው፣ ሁለቱ ምርጫ ይምታታባቸዋል።

ሀበሻ በኡበር፦

እሺ የኡበሩን ሕግ እነሱ እንዳወጡት አላውቅም ነበር፣ ተሸነፍኩ። እኔ ግን ኬንሲንግተን ነኝ፣ ዲስትሪክት 18። እኔ ጋ የለቀቀ ሰው የለም አይደል?

የናቲ እናት፦

አንተ ጋማ ብሷል። ሴናተራችሁ ሪች ማዳሌኖ ለገዥነት እየተወዳደረ ነው፣ ስለዚህ የእሱ ወንበር ክፍት ነው። ዴሊጌቱ ዋልድስትራይከር ደግሞ ለሴናተርነት ተነሳ፣ የእሱም ተከፈተ። የወንበር ጨዋታ እንደማየት ነው፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። አንተ ግን በምን ተመዝግበሃል?

ሀበሻ በኡበር፦

... ያለ ፓርቲ።

ጋሽ ፓርኪንግ፦

ጁን 5!

ማሂ የፌንተኗ፦

ቀየርኩ! ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዴሞክራት የሚለው ላይ ጣቴን አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ከዛ ጋሼ ግለ ሂስ የለውም ያሉት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩና ተጫንኩት። ባሌ "ምን ያስቅሻል" ሲል ካድሬ ሆንኩ አልኩት። እሱ መጀመሪያውኑ በዴሞክራትነት ነው የተመዘገበው፣ ግን አንዴም ጁን ላይ መርጦ አያውቅም። ሂድ በለው የምትሉኝ ከሆነ ብዬዋለሁ። "ሥራ ከሌለኝ" አለ።

ማሂ የፌንተኗ፦ (ጁላይ መጨረሻ)

ይሄን ውይይት ከሥር ቆፍሬ አወጣሁት፣ ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ ብዬ።

ቀኑን አልጠበቅኩም። በቅድመ ምርጫው፣ ጁን 16 ቅዳሜ፣ ሲልቪክ ቢልዲንግ ሄድኩ፣ ማለቴ ሲቪክ ቢልዲንግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ሲቪክ ሁልጊዜ ይቀላቀሉብኛል። ልጄን ይዤ ነው የሄድኩት። አንዲት አሮጊት አስመራጭ ወረቀቱን በትልቅ ፎልደር ውስጥ አድርገው ሰጡኝ። ዘርግቼ ሳየው የስም ጎርፍ ነው፣ ገዥው፣ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ፣ የካውንቲ ምክር ቤት። ዴሊጌቶቹ ጋ ስደርስ ሁለት አጠቆርኩ። ሦስተኛውን ተውኩት። የናቲ እናት አትቆጪኝ፣ ሒሳብ ሠርቼ አይደለም፣ ሦስተኛውን ሰው ስላላወቅኩት ነው። ማዕከላዊ ኮሚቴውንም አነበብኩ፣ ሁለት ስም ከፍላየር አውቅ ነበር። ልጄ ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ልክተት ብላ አለቀሰች፣ አብረን ከተትነው፣ ዥው ብሎ ዋጠው። ስቲከሩን ግንባሯ ላይ ለጥፋ ነው ወደ ቤት የመጣችው።

ያለፉት ሙን፣ ዊልኪንስና ቻርኩዲያን ናቸው። በር ያንኳኳችው ልጅ የምትቀሰቅስለት ሰው አላለፈም፣ አዘንኩላት፣ ጥሩ ልጅ ነበረች።

ዜናውን አይታችሁ ከሆነ በምርጫው ዋዜማ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ፣ የኤምቪኤ፣ ኮምፒውተር እስከ 80,000 የሚደርሱ ሰዎች የቀየሩትን አድራሻና ፓርቲ ወደ ምርጫ ቦርድ ሳይልክ እንደቀረ ተነገረ። እነዚያ ሰዎች ፕሮቪዥናል በሚሉት ወረቀት፣ ከተጣራ በኋላ በሚቆጠረው፣ እንዲመርጡ ተነገራቸው። እኔ ጋሼ እንዳሉኝ ቀጥታ ቦርዱ ጋ ስለገባሁ ስሜ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ባሌ ግን... ጁን 26 ማክሰኞ ነው። ሥራ አምሽቶ፣ በፈረንጁ ማታ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል። "ምንም አይደል፣ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል" ብሎኝ ራቱን በላ። ከዛ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ቆጠራ አላልቅ አለ፣ ሁለቱ ዴሞክራት ተወዳዳሪዎች ኤልሪክና ብሌር ተናንቀው ሳምንታት ወሰደ፣ ድጋሚ ተቆጠረ፣ ኤልሪክ በ77 ድምፅ አሸነፈ። ሰባ ሰባት! ከመላው ሞንትጎመሪ ካውንቲ! ከኛ ሕንፃ ብቻ ከዛ በላይ ሰው ይወጣል። ባሌ ብሌርን ነበር የሚፈልገው። ዜናውን ሳነብለት ለስላሳውን አስቀምጦ ጣራ ጣራ ያያል።

ሀበሻ በኡበር፦

እኔ መርጫለሁ፣ ግን ማንን እንደሆነ ለባልሽ አትንገሪው፣ ያዝንብኛል።

ጋሽ ፓርኪንግ፦

ማሂ፣ ለባልሽ ሰላም በይልኝ። ኖቬምበር 6 ነው በይው።